እጅ ከመታጠብ በፊት

"ቀስ በይ። ሲወድቁ ላንሳዎ ብለሽ ያዝሽኝ፤ የምትወድቂው ግን አንቺ ነሽ።"

መሪጌታ ገብረኪዳን ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ የቤዛዊት ግራ እግር አንሸራተተና በቀኝ ጉልበቷ ጭቃው ላይ አረፈች። ጥቅምት ገብቶም ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣውን አቀበት ሳሙና አስመስሎታል። ከኋላ የሚከተሉት ሁለት ተማሪዎች ዜማቸውን አቋርጠው ሊያነሷት ሲሉ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉት። ተማሪዎቹ ወደ ዜማቸው ተመለሱ። ያነሷት ራሳቸው አባቷ ናቸው።

"ጉልበቱን የሚያመው እኔን ነው ወይስ አንቺን?"

"ጫማዬ ነው፣ አባባ።"

"ጫማሽማ የፈረንጅ አገር ነው፤ ይህን መንገድ በምን ያውቀዋል።"

ቤዛዊት ይህን አቀበት ከአባቷ ጋር ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ከሃንጋሪ ከተመለሰች ወዲህ በየማለዳው የምታያቸው ከመስኮቷ ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ይወጣሉ። ወይራው ሥር ሲደርሱ ይቆማሉ። ጥቂት ሄደው ካቡ ጋ ደግሞ ይቆማሉ። ከመታጠፊያውም ላይ እንዲሁ። እሷም ሻይዋን ይዛ እያየች "ዛሬም ደከማቸው" ትላለች። እንዲህ ስትል ከረመችና በመጨረሻ መኪና ልትገዛላቸው ቆረጠች።

ደላላ መለማመጥ ስላልፈለገች በቴሌግራም ነበር የፈለገችው። ኔቱ መጣ ሄድ እያለ የመኪናዋ ፎቶ የደረሳት በቁራጭ በቁራጭ ነው፤ መጀመሪያ ጎማዋ፣ በማግስቱ በሯ፣ ከዚያ መሪዋ። "ኮሮላ ዲኤክስ፤ ሞተሯ ያልተነካ፤ ባለቤቷ ሽማግሌ ሰው፤ ለቁም ነገረኛ ብቻ" ይላል ከሥሩ። ማስታወቂያውን ያወጣው ዳኛቸው የሚባል የባሕር ዳር ነዋሪ ነው፤ መኪናዋ ግን እብናት፣ ወላጆቹ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው። በጽሑፍ ተከራከሩ፤ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ቀብዱንም በስልክ ላከችለት። እስካሁን መኪናዋን በዓይኗ አላየቻትም። ዛሬ ቀሪውን ከፍላ ልታመጣት ነው። መናኸሪያው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ቁልቁል ስለሆነ፣ አባቷን ሸኝታ በዚያው ልትወርድ አብራቸው ወጣች።

ለአባቷ ያልነገረቻቸው አንድ ነገር ነበር። የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት ተመልሳ እንድትሠራ ጠይቋታል። ከተማው ደብረጼን ይባላል፤ መሪጌታ ለጎረቤት ሲናገሩ "ልጄ ደብረ ጽዮን ነው የተማረችው" ይላሉ፤ እሷም አታርማቸውም። ሥራው በመጋቢት ይጀምራል። "መጀመሪያ የማስተካክለው ነገር አለኝ" ብላ መልሳለች። የሚስተካከለው ነገር አባቷ ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ የአክስቷ ልጅ አንዱአምላክ ባጃጁን ትቶ መኪናዋን ይይዛል፤ ጠዋትና ማታ መሪጌታን ያመላልሳል፤ በመሃሉ ለራሱ ይሠራባታል። ያቺ ኮሮላ እንግዲህ መኪና ብቻ አልነበረችም፤ ቤዛዊትን ተክታ ቤት የምትቀር ሰው ነበረች።

እዚያ ሳለች በየሳምንቱ መመለስ ያምራት ነበር። ከተመለሰች ደግሞ በየሳምንቱ መሄድ ያምራታል። የትኛው አምሮት የእውነት እንደሆነ ለራሷም አልታወቃትም።

ወይራው ሥር ሲደርሱ መሪጌታ ቆሙ።

"ይረፉ፣ አባባ። ይደገፉኝ።"

እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ። ከተማሪዎቹ ትልቁ፣ ትእዛዝ የሚባለው ዲያቆን፣ ወደፊት ቀረብ ብሎ አንዲት ሐረግ ለብቻዋ አዜመ። አቀበቱ ትንፋሹን ቆርጦት ነበርና ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። መቋሚያው መሬቱን መታ።

"ከዚያው መልስ።"

መለሰ። አሁንም ተሰበረ።

"ከሆድህ አምጣው እንጂ ከጉሮሮህ ማን ጠየቀህ? መልስ።"

በመጨረሻ ድምፁ ሳይሰበር ወጣና ወይራው ላይ ያለ ወፍ በርሮ ሄደ። መሪጌታ አንገታቸውን ነቀነቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ካቡ ጋ ሲደርሱ የሁለተኛው ተማሪ ተራ ሆነ።

ቤዛዊት ወደ ኋላ ቀርታ ከትእዛዝ ጎን መራመድ ጀመረች።

"ሁልጊዜ እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው የምትቆሙት?"

"አዎ፣ እቴ። ወይራው የእኔ ነው፤ ካቡ የእሱ። ከላይ መታጠፊያው ላይ ሁለታችን አንድ ላይ።"

"ትምህርት ቤቱ ውስጥ አይሰሟችሁም?"

"እዚያማ ብዙ ነን፣ እንደባለቃለን። ለየብቻችን የሚሰሙን እዚህ ነው።" ትእዛዝ ፈገግ አለ። "አቀበቱን ያላለፈ ዜማ ማኅሌት አያድርም ይሉናል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆም ትንፋሽ እዚህ ካልተገኘ የትም አይገኝም።"

"መኪናው ሲመጣስ?"

ዲያቆኑ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። "የኔታ ያርፋሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን።"

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቤዛዊት ይህን ቃል በየቀኑ ትሰማዋለች፤ ዛሬ ግን ከድንጋይ ጋር እንደተጋጨ ጥርስ ዘገነናት። ከመስኮት ስታየው የነበረው ድካም አልነበረም ማለት ነው። ወይስ ነበር? ምናልባት አባቷ ጉልበታቸው እምቢ ባለበት ቦታ ሁሉ ትምህርት አበጁበት ይሆናል፤ ምናልባት ዕረፍቱም ትምህርቱም አንድ ላይ ነው። ማን ይነግራታል? ስድስት ዓመት የኖረችበት አገር ሰው አዎ ሲል አዎ ነው፣ አይደለም ሲልም አይደለም። እዚህ እሺ ብዙ ነገር ነው። ድሮ እንደ እናቷ ድምፅ የምትለየውን እሺ ከእሺ የመለየት ጆሮ የሆነ አየር ማረፊያ ላይ ጥላው የመጣች ይመስላታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ላይ አባቷን ያዘቻቸው።

"አባባ፣ መኪናውን የእውነት ይፈልጉታል?"

"ልጄ ልትገዛልኝ እንዴት አልፈልግም? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬሽ የለ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት አዎ ማለት ነው?"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነው። ዶክተር ነሽ እኮ፣ ይህ ይጠፋሻል?" ጭቃ የነካውን ቀሚሷን በመቋሚያቸው ጫፍ አመለከቱ። "በይ መንገዱ ሳይዘጋ ሂጂ። መልካሙን መንገድ ያድርግልሽ፤ በሰላም ያግባሽ።"

እየባረኳት ጀርባቸውን ሰጡና ወደ ውስጥ ገቡ።

*

አንዱአምላክ ባጃጁን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቃታል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀሐይ ባይኖርም ጥቁር መነጽር አድርጓል።

"ዶክተር፣ ምን ነካሽ? የመኪና ባለቤት እንዲህ ጭቃ ለብሳ አትሄድም። ሻጩ ሲያይሽ ዋጋ ይጨምርብሻል፤ እርሻ ላይ ልታሠራት ነው ብሎ።"

"ወደቅኩ።"

"በዚህ ጫማማ ክረምት ቢሆን ኖሮ ወረታ ድረስ ነበር የምትንሸራተቺው። በነጻ ትደርሻለሽ።"

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ አንዲት ሴት "መንገዱ ክፍት ነው?" ብላ ጠየቀች። ረዳቱ "እስካሁን ክፍት ነው፤ ከሰዓቱን ለፈጣሪ ትተናል" አላት።

ቁልቁለቱን ጨርሰው የፎገራ ሩዝ ሲታይ ቤዛዊት ነገሩን አወጣችው። አቀበቱን ነገረችው፤ ወይራውን፣ ካቡን፣ የትእዛዝን ትንፋሽ። መኪናዋን ልትተዋት እንደፈለገች ነገረችው። አንዱአምላክ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ መልሶ አደረገው፤ ደግሞ አወለቀው።

"እንግዲያ ለምንድን ነው የምንሄደው? ስልክ አይበቃም?"

"ከመናኸሪያው ለዳኛቸው ደወልኩለት።"

"ምን አለ?"

"'እናቴ ከትናንት ጀምራ ለእናንተ ጉድ ጉድ ትላለች፤ እኔ በምን አፌ እነግራታለሁ? አንቺው ሄደሽ ንገሪያት' አለኝ።"

አንዱአምላክ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። ተቆጥቶ መቆየት ፈልጎ ነበር።

"እኔስ?" አለ ቆይቶ። "ለባጃጁ ገዢ አግኝቼለት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አጎቴን ጠዋት ማታ አደርሳለሁ፣ በመሃሉ እንደ ሰው አራት ጎማ ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ለእናቴ ነግሬያት፣ ሰፈሩን አዳርሳዋለች። ዛሬ ሦስት ጎማዬን ይዤ ስመለስ ምን እላለሁ? አንዷ መንገድ ላይ ወደቀች ልበል?"

ቤዛዊት ቀሚሷ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። አዲስ ዘመን ደርሰው መኪና ሲቀይሩ ተሳፋሪዎቹ ወደ ጣራ ገዳም ጫካ ዞረው ተሳለሙ። አንዱአምላክም ተሳለመና እንደገና ጠየቃት፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"እንግዲያ በመጋቢት አትሄጂም ማለት ነው?" የመሄዷን ነገር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳይናገርም ምሎላታል።

"አላውቅም።"

"ለመኪናዋ አይሆንም ካልሽ ለአንዱ ነገር አዎ ማለትሽ ነው።"

"አላውቅም አልኩህ፣ አንዱአምላክ።"

"እሺ" አለ። ይህኛው እሺ የትኛው እንደሆነ አልጠፋትም።

*

እብናት ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና የማሽላና የጤፍ ጆንያ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። የዳኛቸውን አባት፣ የአቶ ይርጋን ቤት ለመጠየቅ አልተቸገሩም፤ የዱሮ እህል ነጋዴ ናቸው፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

ኮሮላዋ ግቢው መሃል ቆማለች። ከፎቶዋ ይልቅ ታምራለች። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዎቿ በጫማ ቀለም ጠቁረዋል። በወንበሮቿ ላይ የዳኛቸው እናት፣ እትዬ በለጠች፣ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተዘርግቷል። ልትዳር የተዘጋጀች ልጅ ትመስላለች። አንዱአምላክ አንዴ ዞራትና ጣቱን በኮፈኗ ላይ አሳለፈ።

"ደረሳችሁ? ልጆቼ፣ ደህና መጣችሁ? መንገዱ አላስቸገራችሁም?" እትዬ በለጠች እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወጡ፤ ሁለቱንም አገላብጠው ሳሙ። የቤዛዊትን ቀሚስ አይተው "ውይ፣ ወድቀሽ ነው? ግቢ፣ ቀሚስ አውጥቼ እሰጥሻለሁ" አሉ።

አቶ ይርጋ ከቤት ሲወጡ በግድግዳው እየተመሩ ነበር። ዓይናቸውን ደመና የሚመስል ነገር ጋርዶታል። እጃቸው የመኪናዋን ጣራ ሲያገኝ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ሳትጠይቂኝ ነውሯን ልንገርሽ፣ ልጄ" አሉ። "በእኛ ገበያ በሬም ሲሸጥ ነውሩ ይነገራል። ሦስተኛ ማርሽ ትነክሳለች። የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም። ጠዋት ሲበርዳት ታኮርፋለች፤ ስትቆጪያት ይብስባታል፣ ለስለስ አድርገሽ ነው የምታስነሻት። የቀረው ንጹሕ ነው።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ይርጋ" አለች ቤዛዊት። የምትለውን ሁሉ በመንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር። አሁን ግን ዳንቴሉን ስታየው ሁሉም ጠፋት። ምናለ ብትወስዳት? ከፍላ ትወስዳታለች፤ አባቷም ዝም ይላሉ፤ እሷም ትሄዳለች፤ ማንም አያዝንም። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

ቤት ገቡ። ገበታው ቀርቧል፤ የፍየሉ ጥብስ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እትዬ በለጠች ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው መጡ። አንዱአምላክ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበርና እጁን ፈጥኖ ዘረጋ። ቤዛዊት እጅጌውን ይዛ ሳበችው። ሰው ቤት እጅ ታጥቦ፣ እንጀራ ቆርሶ፣ ከዚያ ቃል ማፍረስ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ይህን እንኳ የትም አልጣለችውም።

"እትዬ በለጠች፣ ውሃውን ትንሽ ያቆዩልኝ።"

"ምነው ልጄ፣ ቀዘቀዘ?"

"መኪናዋን ልወስድ አይደለም የመጣሁት። ልተው ነው የመጣሁ። በስልክ ልንገራችሁ አልኩና ልጃችሁ አፈረ፤ እኔም አፈርኩ።"

ማንቆርቆሪያው ተዘንብሎ ቀረ። አንዲት የውሃ ጠብታ ሳፋው ውስጥ ስትወርድ ተሰማች። አንዱአምላክ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው።

አቶ ይርጋ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። "ነውሩ ከመኪናዋ ነው ወይስ ከእኛ?"

"ከሁለታችሁም አይደለም። ከእኔ ነው።"

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መጋቢትን ጭምር። ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ፤ እንደ ዲያቆን ትእዛዝ መልሳ ጀመረችው።

አቶ ይርጋ ጠየቋት። "አባትሽ መኪናዋን አልፈልግም ብለዋል?"

"አላሉም።"

"እንግዲያ ምን አሉ?"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው ያሉት።"

"አጎቴማ እሳት ቢሰጧቸውም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው የሚሉት" አለ አንዱአምላክ።

"ስልካቸውን ስጡኝ" አሉ አቶ ይርጋ። "በለጠች፣ ደውይና ድምፁን ክፈቺው።"

እትዬ በለጠች ደወሉና ስልኩን ገበታው ጫፍ ላይ አስቀመጡት፤ ቤዛዊትን እያዩ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ከወዲያ የተማሪዎች ዜማ ይሰማ ነበር። የመሪጌታ ድምፅ መጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አይተዋወቁም፤ ሆኖም ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ እህሉ፣ ያለ ወቅቱ ስለዘነበው ዝናብ ሳይጠያየቁ ወደ ነገሩ አልገቡም።

"መሪጌታ፣ ልጅዎ በሰላም ደርሳለች" አሉ አቶ ይርጋ። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዕቃ ስሸጥ ለማን እንደሚሆን ማወቅ እወዳለሁ። ይህችን መኪና አንቱ ይፈልጓታል?"

ዜማው ራቀ፤ ከቤት የወጡ ይመስላል።

"አቶ ይርጋ፣ እኩያ ነን፤ አልዋሽዎትም። መኪና ይቅርና በቅሎ አልፈልግም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ልክ ነው። ጆሮዬ የሚከፈተው ግን እዚያ አቀበት ላይ ነው። ልጆቹም ትንፋሻቸው የሚበረታው እዚያ ነው። ለእሷ ግን አይንገሩብኝ።"

"ለምን እሺ አሏት ታዲያ?"

"ልትሄድ ነው። አልነገረችኝም፣ አውቃለሁ። ማለዳ በመስኮት የምታየኝ አስተያየቷ ያስታውቃል። እናቷም ሰው ልትሸኝ ስትል እንዲያ ነበር የምታይ። መኪናዋን ትታልኝ ከሄደች ልቧ ያርፋል፤ ሰው አገር ሆና የእኔን ጉልበት እያሰበች አታዝንም ብዬ ነው። ግቢ ቆማ ትኖራለቻ፣ ምን ቸገረኝ? ዶሮ ይሰፍርባታል። ስለዚህ አደራዎን፣ ሽያጩን እንዳያበላሹብኝ።"

"አላበላሽም" አሉ አቶ ይርጋ። ከዚያ ምርቃት ተለዋውጠው ተሰነባበቱ።

እትዬ በለጠች ስልኩን ሲያነሱት ቤዛዊት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ነበር። ለማልቀስ አልነበረም፤ ወይም ለማልቀስ ብቻ አልነበረም። እሷ በመስኮት አባቷን ስታይ ኖራ፣ አባቷም ያን መስኮት ሲያዩት ኖረዋል። እሷ ያለ ሐሳብ ልሂድ ብላ መኪና ስትገዛ፣ እሳቸው ያለ ሐሳብ ትሂድ ብለው መኪና ሲቀበሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ ተሰጥቷት ስታበቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት የተሻለ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ዛሬ ገና የገባት መሰላት።

"ይኸውላችሁ" አሉ እትዬ በለጠች ባላቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ፤ "እኛም ቤት አንድ መሪጌታ አለን። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ በየከሰዓቱ እመኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ እንቅልፉም እዚያ ነው። ዳኛቸው 'ዝገት ሊበላት ነው፣ እንሽጣት' ሲለው ምን አለ መሰላችሁ? 'እሺ ልጄ።' ያን ዕለት እራት አልበላም።"

"እንጃ፣ ሆዴን አሞኝ ነበር" አሉ አቶ ይርጋ።

አንዱአምላክ የያዘው ሳቅ አመለጠው። እትዬ በለጠች ተከተሉት፤ አቶ ይርጋም ላለመሳቅ ጢማቸውን ሲጠርጉ ቆይተው ሳቁ።

"ቀብድሽን ዳኛቸው ይልክልሻል" አሉ ሲበርድላቸው።

"በወጉ የእናንተ ነው፣ ጋሽ ይርጋ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

"ወጉ እጁን ታጥቦ፣ በልቶ፣ ከዚያ ለሚክድ ነው። አንቺ ሳትታጠቢ ተናግረሻል። በለጠች፣ ውሃውን አምጪ፤ ጥብሱ ቀዘቀዘ።"

በሉ። እትዬ በለጠች በጉርሻ አስጨነቋቸው። ምግቡ ሲያልቅ አቶ ይርጋ አንዱአምላክን በትከሻው ያዙት።

"ሰውዬ፣ ትነዳለህ?"

"ከመራመዴ በፊት ነው የነዳሁት።"

"እንግዲያው ገበያውን አንድ ጊዜ አዙረኝ። ሰው ይርጋ ሸጣት እያለ ሲያወራ ሰንብቷል።"

ከግቢው ሲወጡ አቶ ይርጋ ከፊት ተቀምጠው የመስኮቱን መስታወት ዝቅ አደረጉ፤ ሰላምታ የሚሰጣቸውን ሁሉ በድምፁ እየለዩ በስሙ ጠሩት። ሲመለሱ አንዱአምላክ ቁልፉን በሁለት እጁ አስረከበ።

"ሦስተኛ ማርሽ እውነትም ትነክሳለች" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አላነሳም።

*

ወደ አዲስ ዘመን የሚመለሰው ሚኒባስ አልሞላም ነበር። አንዱአምላክ ቦታ ይዞ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"ዝናብ የከፋ ቀን አጎቴን በባጃጅ አወጣቸዋለሁ" አለ እንዲያው እንደ ዘበት። "ተማሪዎቹም ከኋላ እየሮጡ ያዜሙ፤ ትንፋሽ አይደል የሚፈልጉት።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"ይህ አዎ ነው ወይስ አይደለም?"

ቤዛዊት ሳቀች። ከሚኒባሱ ማዶ አንዲት ሴት ሸራ ዘርግታ ጫማ ትሸጣለች፤ የላስቲክ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ ከዳር ደግሞ አቧራ የለበሱ ጥቁር ቦቶች። ቤዛዊት ተሻግራ አንዱን ቦት አነሳች፤ ገልብጣ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ለአሁኑ ከሆነ ሸራው ይሻልሻል፣ እህቴ" አለች ባለሸራዋ። "መሬቱ ነገ ከነገ ወዲያ ይደርቃል። ቦቱ የክረምት ነው፤ ከሰኔ በፊት አያገለግልሽም።"

"በጥቅምት ቦት!" አለ አንዱአምላክ ከመስኮቱ። "ሰው ያይሻል፣ ዶክተር፣ ነይ እንሂድ።"

ቤዛዊት ጭቃው የደረቀበትን ጫማዋን አወለቀች። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቦቱን አጠለቀችውና ተነሥታ መሬቱን መታ መታ አደረገችው። አንዱአምላክ መነጽሩን አወለቀ። ስለ መጋቢት ግን አልጠየቃትም።

"የክረምቱን ስጪኝ" አለች ቤዛዊት። "አንድ ቁጥር አስበልጪልኝ፤ ጠዋት ጠዋት አቀበቱ ላይ ስለሚበርድ በወፍራም ካልሲ ነው የማደርገው።"